ቀማሹ ክር

ርግቦቹ ከንጉሡ ምንጭ ጠጥተው ሲነሡ፣ የዘርቃንን ቅጥር ሳያልፉ እንደ ጠጠር ረገፉ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው «ርግብ ምን ያውቃል» አሉ። ያውቅ ነበር።

በዘርቃን ሕግ ለውሃ የሚመሰክረው የንጉሡ ቀማሽ ነው። ቀማሹ ወልሳም ፉት ይላል፤ መለከት እስኪነፋ በእግሩ ከቆመ ውሃው ንጹሕ ነው። ያን ቀንም ቆመ። መርዙ ግን የሚያስቸኩለው ጉዳይ አልነበረውም። ሳምንት ሳይሞላ በየቤቱ የልጆች ዓይን ጠፋ፤ የወልሳምም ብርሃን አብሮ ጨለመ። በተራራው ሆድ ዘንዶው ሐርጎስ ነቅቶ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው መርዙ በምድር ሥር ይወርድ ነበር።

ንጉሡ ምንጩን ዘጋ። የቀረው የታችኛው ምንጭ በአዲስ ጨረቃ ተቀምሶ እንዲከፈት አዘዘ።

ወልሳም ያሳደጋት የእህቱ ልጅ ናሬት ክር በቀለም ነካሪ ናት። «ጋሼ፣ ዳግመኛ አይቀምሱም» አለችው። «በሐርጎስ ደጃፍ ዐለቱን ለብሶ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት መርዙን ያውቀዋል ይባላል። ክር እነክርበታለሁ፤ ክሩ ይቀምስልናል። ባዶ እጄን ብመለስ የእናቴ አፈር ይጣላኝ።»

«አንቺ ከዘንዶ ጋር ስትሟገቺ፣ እኔን ማን ምሳ ሊያበላኝ ነው?» አለ ወልሳም። እጁ ግን ራሷ ላይ ቆየ።

ከጦረኛው ከቱርማ ጋር ወፍ በማይጮህበት ጫካ አልፋ ወጣች። በዋሻው አፍ ዘንዶው ሲተነፍስ፣ በዐለቱ ላይ ያለው ሽበት ደም መስሎ ይቀላል፤ ትንፋሹን ሲስብ ይመለሳል። ናሬት በሳበ ቁጥር ትፍቃለች። ከረጢቷ ሊሞላ ሲል አንድ ዓይን ተገለጠ። ቱርማ ጦሩን እዚያው ዓይን ውስጥ ተክሎ፣ ግራ ክንዱን ለትንፋሹ እሳት ገብሮ አወጣት።

ቤት ደርሳ ሽበቱን ወቅጣ በከረመ ሽንት ስትዘፈዝፍ ቱርማ አያት።

«እኔ ዘፈን ይወጣልኛል ስል፣ መጨረሻው ይሄ ነው?»

«ካልቦካ ሐምራዊ ቀለሙ አይወጣም፤ ክሩንም አይዝም። ይልቅ ድርሻህን አዋጣ።»

ቀኑ ደረሰ። ሐምራዊውን ክር በሕዝብ ፊት ታችኛው ምንጭ ውስጥ ነከረችው፤ ቀልቶ ወጣ።

«ያልጠጣ አይመሰክርም» አለ ንጉሡ። «ክር ምን ምላስ አለው?» ጥም ያንገበገበው ሕዝብም እንስራውን ይዞ ዘቦቹን ይገፋ ጀመር።

ወልሳም በበትሩ እየዳሰሰ ወጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ያኔ ፉት ብዬ አሳሳትኋችሁ። ዛሬ በዋንጫ ልጠጣ።»

ናሬት ክንዱን ያዘች። «ጋሼ፣ ቀልቷል እኮ።»

«አንቺንማ አምኜሻለሁ። ለማያምኑት ነው።»

ደጋግሞ ጨለጠው። መለከቱ ሳይነፋ ተንበረከከ፤ ከዚያም ላይነሣ ተኛ። እንስራዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ክሩን አልተከራከረውም። ሰዉ ክሩን እየነከረ፣ የቀላበትን እየተከተለ ሽቅብ ቆፈረ፤ መርዙ የሚገባበትን የውሃ ሥር አግኝቶ በድንጋይና በኖራ ደፈነው። ሁለቱም ምንጮች ጠሩ።

ንጉሡ የቀማሽነቱን ዋንጫ ለናሬት ሰጣት። ተቀበለችው፤ ምንጩ ዳር ወስዳ በአፉ ደፋችው፤ በእጀታው ላይ ክሩን አሰረችበት።

እስከ ዛሬ ያቀናው የለም።