ያልተነኩት ክኒኖች

ልጅቷ ምሳ ዕቃውን ልታጥብ የአባቷን የሥራ ቦርሳ ብትከፍት የደም ግፊት ክኒኑን አገኘች። ከተገዛ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ አንድም ፍሬ አልጎደለበትም።

አባቷ ብረት በያጅ ነው። ወጥ ቤት ቆሞ እያንጎራጎረ ቀይ ሥር ይልጣል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እንደ ተያዘ ተማሪ ሳቅ አለ። «እሱን ተይው። እኔ ድሮ ነቄ ብያለሁ! ሐኪሜ እዚሁ ቤቴ ውስጥ አለች።»

«ማን?»

«አንቺ ነሻ!»

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ነገ ትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር አለባት። ሁለት የፖም ቁራጭ ታሳያለች፤ ሎሚ ያልተቀባው አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ሎሚ የተቀባው ግን ቶሎ አይጠቁርም። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ኦክስጅን በሰውነታችን ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ሕዋሳትን የሚጎዱ ነገሮችም ይፈጠራሉ፤ አትክልትና ፍራፍሬ ደግሞ ይህን ጉዳት ለመከላከል «ሊረዱ ይችላሉ»። ይቺ «ሊረዱ ይችላሉ» ቀዘቀዘችባት። ስለዚህ ለውድድሩ ባዘጋጀችው ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም «አትክልት ይብሉ፣ መድኃኒት ይርሱ!» የሚል ርዕስ ጽፋ ለጠፈች። አባቷ ልምምዷን በየቀኑ ቁጭ ብሎ ይሰማላት ነበር። «ልክ እንደ ብረት ዝገት ማለት እኮ ነው!» እያለ ለሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀር አውርቶላታል።

ለካ ከልቡ አምኗታል።

እውነቱን ብትናገር ያ ሁሉ ኩራቱ ሊጠፋ ነው። ዝም ብትልስ? ዛሬ ጠዋት ደረጃ ሲወጣ ራሱን አዙሮት ግድግዳ ሲደገፍ አይታዋለች።

«አባዬ፣ ዋሽቻለሁ።»

«ምኑን?»

«መድኃኒት ይርሱ የሚለውን። መጽሐፉ ላይ የለም፤ እንዲያምርልኝ ከራሴ የጨመርኩት ነው። አትክልቱ ጥሩ ነው፣ ግን ክኒኑን አይተካም።» እንባዋ ቀደማት።

አባቷ ቢላውን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብላ ስትጠብቅ እጁን ጠርጎ ግንባሯን ሳማት። «ሐኪም ሳልጠይቅ ያቆምኩት እኔ ጅሉ! አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንሂድ።»

«ልምምድሽስ?»

«ይቅር። ጫማህን አድርግ።»

ነርሷ ግፊቱን ለክታ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ሐኪሙ ዘንድ አስገባቻቸው፤ እሱም ታሪካቸውን ሰምቶ ክኒኑን ዛሬውኑ እንደገና እንዲጀምር አዘዘው። «ቀይ ሥሩንም አይተዉት፤ ሁለቱ አይጣሉም» ሲለው አባቷ ልጁን ሰርቆ አያት።

ቤት እንደገቡ ክኒኑን ሲውጥ ቆማ አየችው። ከዚያ ሁለት ቀን የደከመችበትን ርዕስ ከሰሌዳው ላይ ቀስ ብላ ላጠችው። ሙጫው የሰሌዳውን ወረቀት ይዞ ወጣና መሃሉ ላይ ተቦጫጨቀ።

«አሁን ይሄ እንደማያሸልመኝ ታውቃለህ፣ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለና አባቷ አጠገቧ ተንበርክኮ ማስመሪያውን ያዘላት።

እሷም እርሳሷን አንስታ «አትክልት ይብሉ፣ መድኃኒትዎንም አይርሱ» የሚለውን አዲስ ርዕስ መጻፍ ጀመረች።