ከጽጌረዳው ጋር የደረቀ ፈርን

መምህሩ የተገኙት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በገዛ ጓሯቸው፣ በውኃ ጉድጓዱ የድንጋይ ጠርዝ ሥር ጭንቅላታቸው ድንጋዩ ላይ ተመትቶ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ነበር። በጀርባ የሚታዘለው የአረም መድኃኒት መርጫ አንዱ ማንገቻ በግራ ክንዳቸው ገብቷል፤ ሌላው አልገባም። ዙሪያቸውን ወገብ የሚደርሰው ፈርን የሚባለው ቅጠል ደርቆ ተኮማትሯል። ከዓመታት በፊት ለጌጥ ተብሎ በአንዲት ማሰሮ የገባው ቅጠል፣ ሥሩን መሬት ለመሬት እየሰደደ ግቢውን ወርሶት ነበር።

«ሲረጩ አዳልጧቸው ይሆናል» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ቅጠሉን ስትነካው በጣቶቿ መካከል ተፈረፈረ። አጠገቡ ያለው የጽጌረዳ ቁጥቋጦም አብሮ ደርቋል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው አስከሬኑን ያገኘውን አትክልተኛ ነው። ከቁመቱ የተነሣ ቀውላላው ይሉታል።

«መድኃኒት? እሳቸው?» አለ። «እያጨድን፣ ሥሩን እየቆፈርን፣ በጥቁር ላስቲክ እንሸፍነው ነበር። ሦስት ዓመት ከታገስነው ይደክማል ይሉኝ ነበር። የሚጠጡት ከዚህ ጉድጓድ ነው፤ መርዝ ደጄን አይረግጥም ያሉ ሰው ናቸው።»

«ከዛሬ በፊት መቼ ነው የመጣኸው?»

«ከመጣሁ ወር ሊሞላኝ ነው። እሳቸው ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ ከርመው ትናንት ከሰዓት ተመለሱ። ወዲያው ደውለው ነገ ማልደህ ና አሉኝ። ድምፃቸው ደስ አላለኝም።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው።

«መርጫው የእኔ ነው፤ አልክድም። በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል፣ በግቢዎቻችን መካከል ያለው በርም አይቆለፍም።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አረማቸው አጥሬን አልፎ ሲመጣ እልል ልበል? በነገር ተጎሻሽመናል። እጅ ግን አልተሰናዘርንም።»

ከመምህሩ ጋር የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው አጭር፣ ደቃቃ ሴት ናቸው። ልጃቸው ከከተማው ሌላ ጫፍ ደርሳ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«እንደደረሰ ታጥቆ ሲረጭ በመስኮት አየሁት፣ ልጄ» አሉ መርማሪዋን። የቀረበላቸውን ብርጭቆ ለማንሣት እጃቸው ጠረጴዛውን ዳሰሰ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ይህ መድኃኒት ፈርን ለማድረቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል» አለች። «ስለዚህ የተረጨው ትናንት አይደለም፤ መምህሩ ሳይመለሱ ነው። መርጫው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ በጀርባቸው ሲወድቁ አዝለውት ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ጭረት እንኳ የለውም። የተንጠለጠለባቸው ከወደቁ በኋላ ነው። ማንገቻው ለአጭር ሰው ስለጠበቀ ሁለተኛው ክንዳቸው አልገባም።»

ቀውላላውና ልብስ ሰፊው ተያዩ።

«የረጨው ሰው ጽጌረዳውንም አብሮ ገድሏል። አትክልተኛ እንዲህ አይሳሳትም፤ ቀኑን ሙሉ መርፌ ሲያሾልክ የሚውል ሰውም አይሳሳትም። ዓይኑ የደከመ ሰው እንጂ።»



«ግቢው ውስጥ እባብ ታየ ከተባለ ወዲህ፣ ልጄ የልጅ ልጄን ማምጣት ተወች» አሉ እህትየው። «ቅጠሉን ቶሎ አጥፋው ስለው ወንድሜ ሦስት ዓመት ታገሺ አለኝ። የዓይን ሐኪሙ ደግሞ ከዓመት በኋላ ብርሃን አታዪም ብሎኛል። የልጅቷን መልክ ሳልጠግበው ሊጨልምብኝ ነው። ትናንት የቀረውን ልጨርስ መርጫውን ሞልቼ ስወጣ ደረሰ። ውኃችንን መረዝሽው ብሎ ሊነጥቀኝ ሲል ገፋሁት።»

«እማ፣ የዓይንሽን ነገር ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ልጃቸው።

«እንዳትጨነቂ።»

«ለምን ሰው አልጠሩም?» አለች መርማሪዋ።

«ሞቷል ብዬ ነዋ። ሲረጭ የወደቀ እንዲመስል መርጫውን አንጠለጠልኩበት።»

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም እስኪመሽ ይተነፍሱ ነበር ብሏል።»

«ጎንበስ ብዬ አየሁት እኮ» አሉ እህትየው። «ደረቱ ሲንቀሳቀስ አላየሁም።»

ልጃቸው ተነሥታ መስኮቱ ጋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብታ የእናቷን የመውጫ ጫማ አመጣችና፣ ተንበርክካ አንድ በአንድ አጠለቀችላቸው።