በመምህሩ እጅ የተገኘው ወይራ

መምህር ዳምጤ ከገደሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። በቀኝ እጁ የወይራ ቅርንጫፍ ጨብጧል።

«ሊቆርጥ ሲንጠራራ ተንሸራተተ፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አለ ረዳቱ ያረጋል።

ከቡታጅራ በበቅሎ የመጣው የፖሊስ መቶ አለቃ ገብረእግዚአብሔር አጎንብሶ ቅርንጫፉን ከሟቹ እጅ አወጣና አገላበጠው። ይህን ያየችው ከድጄ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

ከድጄ የዳምጤ የማታ ተማሪ ናት። ከዳምጤ፣ ከያረጋልና ከነርሷ ወይንሸት ጋር ወደዚህ ጥንታዊ ደን ከወጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ዕፀዋቱን ለመመዝገብ። ቅጠሉን ቆርጠው፣ በጋዜጣ መካከል አስተኝተው፣ በሁለት ሳንቃ ይጠፍሩታል፤ እሷ ስሙን ትጽፋለች። መንገድ የሚመራቸው ልጇ ሸረፋ ነው።

«ሟቹ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?» መቶ አለቃው ነርሷን ወይንሸትን ጠየቃት።

«ጠዋት ከሸረፋ ጋር ተነጋገሩ። ‹ሼሁ ከተቀበሩበት ደን እርጥብ አይቆረጥም› ቢለው፣ ጋሽ ዳምጤ ስቆ ‹አንተም እንደ እናትህ ፊደል ብትቆጥር ይህ አጉል እምነት ይለቅህ ነበር› አለው።»

«እናንተስ አልቆረጣችሁም?»

«እኔና ያረጋል ከትናንት ጀምሮ እየቆረጥን ነው። እትዬ ከድጄ ግን ትጽፋለች እንጂ አትቆርጥም።»

ሸረፋ ተጠየቀ። «ላይ ነበርኩ፤ ግን አላየሁም» አለ መሬት መሬት እያየ።

ከድጄ ጣልቃ ገባች። «ጌታዬ፣ ልጄ የሰው ክፉ አያውቅም። ራሱ ነው የወደቀው።»

«እናቴ፣ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ታች፣ ሳንቃውን እየጠበቅሁ። ሌሎቹ ሁሉ ላይ ነበሩ።»

«ሬሳው ጋ ቀድሞ የደረሰውስ?»

«እኔ ነኝ» አለች ከድጄ።

መቶ አለቃው ሁሉንም ሰብስቦ ቅርንጫፉን ከፍ አደረገው።

«ከዛፍ አሁን የተቆረጠ ቢሆን ቅጠሉ በየአቅጣጫው ይቆም ነበር። ይህ እንደ ወረቀት ተኝቷል፤ የጋዜጣ ቀለምም ይዟል። ትናንት ሳንቃ ውስጥ የተጫነ ነው። ስለዚህ ከወደቀ በኋላ ያስጨበጠው ሰው አለ።»

ያረጋል ፊቱ ተለወጠ። «ሳንቃው የኔ ስለሆነ ገዳዩ እኔ ልሁን?»

«አንተ ብትሆን ከአጠገብህ ትቆርጥ ነበር። ዙሪያው ወይራ ሆኖ ሳለ ሳንቃ ፈትቶ የጠወለገ የሚያወጣ፣ እርጥቡን መቁረጥ የማይሆንለት ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ሸረፋና እናቱ ናቸው። ሸረፋ ላይ ነበር፤ ሳንቃው ታች።» ወደ ከድጄ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያስጨበጡት እርስዎ ነዎት። ግን ከታች ሆኖ ሰው ከገደል አይገፋም። እናት ለማን ብላ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትሠራው?»

«ፊደል ያስቆጠረሽ ሰው ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ወይንሸት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። እኔን እሰሩኝ» አለች ከድጄ።

«ተዪ፣ እማ» አለ ሸረፋ። «የሼሁን መቃብር የሚያጠላውን ወይራ ሊቆርጥ ሲል ያዝኩት። ሰደበኝ፤ ገፋሁት። ይሞታል ብዬ አይደለም።»

መቶ አለቃው የፊጥኝ ሲያስረው ሸረፋ ቀና ብሎ እናቱን አያት። «ምናለ ከዛፉ አንዲት እርጥብ ብትቀጥፊ ኖሮ?»

«እዚህ እርጥብ የቆረጠች እናት ልጇን ታጣለች ይባላል» አለች ከድጄ። «አንተን እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

እየተነዳ ቁልቁል ወረደ። አንዴም ዞሮ አላያትም።