የመጨረሻው ሁለት ጊጋ

ሽማግሌው የተገኙት ዋይፋዩ ከተቀመጠበት መደርደሪያ ሥር፣ ከወደቀ በርጩማ አጠገብ ነበር። ጭንቅላታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቷል፤ ስልካቸው ግን ከእጃቸው አልወጣም። ነርሷ ታላቅ ልጃቸው ከአዳር ሥራ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ስትመለስ አይታቸው ጮኸች። ሐኪሙ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሞቱ ገመተ።

የመጣችው መርማሪ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። እስክሪብቶዋን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

«መስመሩን ሊያስተካክሉ ወጥተው ወድቀው ነው» አለ አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ።

«በየትኛው ጉልበታቸው?» አለች፣ አልጋው ላይ የተደገፈውን ከዘራ እያሳየችው።

«እንግዲያው ተገፍተዋል። ትንሿ ልጃቸው ትናንት ‹አንተ ስትሞት ነው እፎይ የምለው› ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል። ልያዛት?»

«ቆይ እስቲ።»

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ቤቱ ኢንተርኔት አዞሩ። የወሩ ጥቅል ልክ አለው፤ ቀድሞ ካለቀ ወሩ እስኪሞላ ቤቱ ጭር ይላል። ስለዚህ ማን ስንት እንደጨረሰ ሲከታተሉ ይውላሉ፤ ያበዛውን ይዘጉበታል። ቤተሰቡም ሲያማቸው ይውላል።

ትንሿ ልጅ ጥፍሯን እየበላች ነበር።

«የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ በኮምፒውተር፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ነገ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል አለኝ። ከወሰዳችሁኝ ዓመቴ ሄደ ማለት ነው። ትናንት ልምምድ ላይ ሆኜ አባዬ ኢንተርኔቱን ዘጋብኝ። ለዚያ ነው ያን የተናገርኩት።»

ፎቅ ላይ የሚኖረው ተከራይ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ድርግም! ሥራዬ ተልኮ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው! ሰገነት ላይ ወጥቼ ስነጫነጭ ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ስትስቅብኝ ነበር፤ ጠይቋት። ጥፋቱስ የራሴ ነው። የጋሼ ጉልበት አሳዝኖኝ፣ ሳይነሱ ከስልካቸው መዝጋት ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።»

የነርሷ ባል ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። «እቤት ሆኜ ነው የምሠራው። ከሦስት እስከ አራት በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።»

«ኢንተርኔቱ አላስቸገረዎትም?»

«ኧረ በጭራሽ! አንዴም አልተቆራረጠ።»

እስክሪብቶው ዝም አለ። መርማሪዋ ጎረቤቷን አነጋግራ፣ የሟቹን ስልክ ስትጎረጉር ቆይታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እሷ ግን በመስኮቱና በበሩ መካከል መመላለሷን አልተወችም።

«ሟቹ በርጩማ ላይ መውጣት አይችሉም፤ መውጣትም አያስፈልጋቸውም። ሁሉም ነገር በዚህ ስልክ ያልቃል። በርጩማውን ያጋደመው ሌላ ሰው ነው። የቤቱን መሣሪያዎች ስም አውጥተውላቸዋል፤ ‹ሆዳሙ›...»

«እኔ ነኝ» አለ ተከራዩ አቀርቅሮ።

«ሦስት ሰዓት ላይ ሆዳሙን ዘጉ። እርስዎም የነገሩኝ ይህንኑ ነው፤ ጎረቤትዎም መስክራለች። ‹አማቼ›ንም በዚያው ደቂቃ ዘጉ። ክፍት የቀረው የትንሿ ልጅ ብቻ ነው።» ወደ ባልየው ዞረች። «የእርስዎ ስብሰባ በምን ሠራ?»

«የእሷ ይሠራ ነበር እኮ! የፈተናው ድምፅ በበሩ...» አለና አፉን ያዘ።

«አዎ፣ የእሷን ሰምተዋል። የተዘጋው የእርስዎ ብቻ መሰለዎት፤ ስለዚህ ‹አልተቆራረጠም› ብል ማን ያውቃል አሉ። ግን ሽማግሌው እርስዎን ለይተው ይቀጡኛል ብለው ለምን አሰቡ? ይኸው፤ በየቀኑ ማን ስንት እንደተጠቀመ እዚህ አለ። የእርስዎ ኮምፒውተር አርባ ቀን ሙሉ አንድም ስብሰባ የሚያህል ነገር አላስተላለፈም።»

«አርባ ቀን?» አለች ነርሷ። «በሩን በቀስታ እየዘጋሁልህ፣ ስብሰባህ እንዳይረበሽ በጣቴ እየተራመድኩ... አርባ ቀን?»

ባልየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ከሥራ ተባረርኩ። ልነግርሽ አፈርኩ። ጠዋት ‹ዛሬ ስትመጣ እነግራታለሁ› አሉኝ። ስልኩን ልቀማቸው ታገልኩ፤ አልለቅም አሉ። ገፋ አደረግኳቸው። መግደል አላሰብኩም።»

ነርሷ አላየችውም። ሃምሳ አለቃው ይዞት ወጣ።

መርማሪዋ ስልኩን ለትንሿ ልጅ አቀበለቻት። አባቷ የራሳቸውን ስልክ እንኳ ዘግተው ነበር። ከጥቅሉ የቀረው ሁለት ጊጋ ነው። ከሥሩ የተፈቀደለት መሣሪያ ስምና ጊዜው ተጽፏል፦ «ዶክተሬ። እስከ ነገ አራት ሰዓት።»

«እኔ እኮ ትናንት...» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ፣ አጠገቧ ተቀመጠች።