የአስር ሰዓቱ ቁጥር

ደብተሩ እንደሚለው የተሾመች ስኳር ትናንት ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ 146 ነበር። የስኳር መለኪያው እንደሚለው ግን ትናንት አስር ሰዓት ላይ ማንም ማንንም አልለካም።

ሊሊ ሁለቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታያቸዋለች። የመለኪያውን ቁልፍ እየተጫነች የተመዘገበውን ወደ ኋላ ስታይ የሚወጣው ጠዋት ጠዋት የተለካው ብቻ ነው፤ 128፣ 131፣ 124። ደብተሩ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ጠዋት ጎን የከሰዓት ቁጥር አለ። ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ ቁጥር። ሁሉንም የጻፈችው እሷ ናት፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ።

«ሊሊዬ፣ እስቲ ይቺን ክር አስገቢልኝ» አለች እናቷ ተሾመች ከስፌት መኪናው ኋላ።

ዛሬ ይህን ስትላት ለአራተኛ ጊዜ ነው። ተሾመች በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቋ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ስትሰፋ መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ ብላ አታውቅም። ሊሊ ክሩን አስገባች። የመኪናው ጠረጴዛ ሥር ተሾመች ከጠዋት ጀምሮ የጠጣቻቸው ሁለት ባዶ የውኃ ጠርሙሶች ተጋድመዋል፤ ሦስተኛው ተጋምሷል።

ከአሥር ቀን በፊት የተሾመች የጣት መገጣጠሚያዎች አብጠው መቀስ መያዝ አቅቷት ነበር። ሐኪሙ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን አዘዘላትና በአራተኛው ቀን ጣቶቿ ተከፈቱ። እጇን እያገላበጠች «ተመለሱልኝ» ስትል ሊሊ አብራት ስቃለች። ከሐኪሙ ጋር የምትሠራው ነርስ ሲስተር ሚካል ግን ሊሊን ቀድማ አስጠንቅቃት ነበር።

«እናትሽ ስኳር አለባት። ይህ ኪኒን ጠዋት ሲወሰድ ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አስር ሰዓት ላይም ለኪያት። በሳምንቱ ደብተሩን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ኪኒኑን ደግሞ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ በድንገት ማቆሙም ሌላ ሕመም ያመጣል።»

በመጀመሪያው ቀን አስር ሰዓት ላይ ተሾመች እጇን ሰበሰበች። «ጠዋት ወግተሽኝ የለ? በዚህ ጣት እኮ ነው የምሠራው። ዛሬ ይለፈኝ።» ሊሊ አልተከራከረችም። ጓደኛዋ ውዳሴ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ መረብ ኳስ ልትጫወት እየጠበቀቻት ነበር። ማታ ደብተሩን ስታየው ባዶው ቦታ አፍጥጦ አያት። የጠዋቱ 131 ስለነበር ትንሽ ጨመር አድርጋ 144 ጻፈች። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወደ ሱቁ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን አስር ሰዓትን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ሰኞ ፎቶውን ስትልክ ሲስተር ሚካል ወዲያው መለሰችላት። «ጎበዝ ሊሊ! ለሐኪሙም አሳየሁት። ጥሩ ናቸው፣ የስኳሩ መድኃኒት ባለበት ይቀጥል።» ተሾመች መልእክቱን ደንበኞቿን ሁሉ አስነበበች። ሊሊ ከዚያን ቀን ጀምሮ መልእክቱን ከፍታው አታውቅም።

አሁን መለኪያውን አነሣች።

«እማ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

«አሁን? እትዬ ወርቅዬ እየጠበቁ?»

ወይዘሮ ወርቅዬ የልጃቸውን ዩኒፎርም ሊወስዱ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸውም የስኳር ሕመምተኛ ናቸው።

«አሁን» አለች ሊሊ።

መለኪያው ቆጠረና 372 አለ።

ተሾመች ሳቀች። «ተበላሽቷል። ብርቱካን ስልጥ ነበር፣ እጄ ላይ ይሆናል።»

እጇን በሳሙና አስታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ፣ ሌላ ጣት ወጋች። 365።

«ምሳ በልታ የማን ስኳር የማይጨምር አለ?» አሉ ወይዘሮ ወርቅዬ። «ስኳር በባዶ ሆድ ነው የሚለካው። እኔ ስኳር ከያዘኝ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከሰዓት ለክቼ አላውቅም። አንቺም ልጅ አታካብጂው። ከሆነም ያ የእጅሽ ኪኒን ነው ተሼ፤ ከነገ ጀምሮ ተይው።»

ተሾመች ጣቶቿን አየቻቸው። «ልተወው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «ሲስተር ግን የከሰዓቱንም አይታ ደህና ነው ብላለች። አይደል ሊሊ?»

የሊሊ ጆሮ ጋለ። ውጭ የታክሲ ረዳት «ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላል።

«ሲስተር ያየችው እኔ የጻፍኩትን ነው» አለች።

«እኮ።»

«ሳልለካ የጻፍኩትን።»

ተሾመች ከስፌት መኪናው ኋላ ተነሣች። ዩኒፎርሙን አጣጥፋ ለወይዘሮ ወርቅዬ ሰጠቻቸው። «እትዬ፣ አይዘግይብዎት» አለች። እሳቸውም ሊሊን አየት አድርገው ወጡ።

«አምጪው ደብተሩን።»

ተሾመች ደብተሩን አራቀችው፣ አቀረበችው፣ እንደገና አራቀችው። መልሳ ለሊሊ ሰጠቻት።

«አይታየኝም። አንብቢልኝ።»

ሊሊ ይህን አላሰበችውም ነበር። ብትቆጣት፣ ብትመታት ይሻላት ነበር።

«ሰኞ፣ 144» አለች። «ማክሰኞ፣ 151። ረቡዕ፣ 139።» ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። «ሐሙስ... 163።»

«ሐሙስ ምነው ከፍ አለ?»

ሊሊ አንገቷን ደፋች። «እውነት እንዲመስል።»

ከሁሉም ያቺ 163 ነበረች የምታሳፍራት። ሌሎቹን በችኮላ ነው የጻፈችው፤ ይቺን ግን አስባባታለች። እስክሪብቶውን ነክሳ፣ አንድ ቀን ትንሽ ከፍ ቢል ማንም አይጠረጥርም ብላ።

«ሐሙስ የት ነበርሽ?»

«ከውዳሴ ጋር፣ ኳስ።»

ተሾመች ውኃዋን አንሥታ ጠጣች። «ያደረግሽው ልክ አይደለም ብዬ አልነግርሽም፣ ራስሽ ታውቂዋለሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔም ጣቴን ደብቄያለሁ። ዓይኔ ሲፈዝ ድካም ነው እያልኩ የኪስ ስፌት ሁለቴ ፈትቻለሁ፣ አልነገርኩሽም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህንን ለሲስተር መንገር የለብሽም። የምትኮራብሽ ሴት ናት፤ ምን ፊት ይኖርሻል? መለኪያው ተበላሽቶ ነበር፣ ዛሬ ተሠራ ብለሽ ጻፊላት። ያው መድኃኒቱን ታስተካክላለች።»

ሊሊ ስልኳን አወጣች። «ጎበዝ ሊሊ!» የሚለው አሁንም እዚያው አለ። ከሥሩ መጻፍ ጀመረች። «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ መለኪያችን ተበላ...» ጣቷ ቆመ። ቀላል ነበር። ከ163ም ይቀላል። ተሾመች አጠገቧ ቆማ፣ ቀይ ነጥብ የቀረበትን ጣቷን በአውራ ጣቷ እያሸች ትጠብቃለች።

ሊሊ የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው። ደብተሩን የስፌት መኪናው ላይ ገልጣ አስቀመጠችና ከዘጠኙ ቁጥሮች ሥር 372፣ ከጎኑ 365 ጻፈች።

«አልጽፍላትም፣ እማ» አለች። «እደውልላታለሁ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ፣ አንቺም እየሰማሽ።»