የጌታሰው አዲስ ማጫወቻ

ጌታሰው የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ጥርሱ መካከል የጋቢ ክር ተሰክቷል። ሰው ጋቢ እየበላ አይሞትም። ታፍኗል። ፊት ለፊቱ ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑን የያዘው የሸክላ ማጫወቻ ተቀምጧል፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ ሰቆጣ አይታው የማታውቅ ዕቃ።

ኢንስፔክተር ጥሩሐረግ በአሥር ሰዓት ስትደርስ መንደርተኛው ሥራዋን ጨርሶ ጠበቃት። ከደሃና የመጣችውን የቤት ሠራተኛ ዘመናይን እጆቿን በሲባጎ ጠፍሮ ግቢው ውስጥ አስቀምጧታል። ጣቶቿ አብጠዋል።

«ማን አያት?» አለች ጥሩሐረግ።

«እኔ ሰማሁ» አለ የሟች ታናሽ ወንድም ምትኩ። በወጣትነቱ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበር፤ የጉሮሮ ሕመም ድምፁን ከወሰደበት ወዲህ ሲናገር እንደ ወፍጮ ይሻክራል። «ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከጎን ካለው ክፍሌ አልወጣሁም። ሸክላው አለቀ፣ ማጫወቻው ዝም አለ፣ ወዲያው በሩ ተከፈተ። ምሳ ይዛ የገባችው እሷ ናት።»

«ዝም ማለቱን እርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ዓመት ስሰማ የኖርኩትን!»

ጥሩሐረግ ዘመናይ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሲባጎውን ልትፈታው ፈለገች፤ ግን መንደርተኛው ድንጋይ ጨብጦ ነበር።

«ገብተሽ ነበር?»

«አልገባሁም። ሸክላ እየዞረ በር አይከፈትም፤ የጋሼ ሕግ ነው። አንዴ በሩ ላይ ሳል ቢያመልጠኝ ወር ሙሉ ደጅ አስተኙኝ።»

«ዘፈኑ አላለቀም?»

«አልቋል። ግን ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። አሁንም እየዞረ ነው ብዬ ምሳውን ይዤ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ እስኪመጡ ድረስ።»

«ዛሬ ጠዋት ከዚያ ክፍል ምን ጠረግሽ?»

ዘመናይ ወደ ምትኩ አየችና አንገቷን ደፋች። «የሸክላ ስብርባሪ። ጋሼ ሰበሩት... እየሳቁ።»

ጥሩሐረግ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ አንድ ባዶ የሸክላ ልባስ አገኘች፤ ላዩ ላይ ወጣቱ ምትኩ ማይክሮፎን ይዞ ይስቃል። ከዚያ የሟችን ሚስት አመተ ሥላሴን አስጠራች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ከማኅበር በዘጠኝ ሰዓት ተመለስኩ። ይቺ ደጁ ላይ ተጎልታለች። በሩን ስከፍት ሸክላው ይዞራል፤ መርፌው መጨረሻውን ይፍቃል። ከግድግዳው ነቀልኩት።»

«ራሱ አይቆምም?»

«አሮጌው ነበር ክንዱን አንሥቶ የሚቆመው። ጌታሰው ግን ‹ራሱ የሚቆም ማጫወቻ ድምፅ ያበላሻል› አለና ይህን አስመጣ። ይኼ ሰው ካላነሣው እስከ ነገም ይፍቃል።»

«አቶ ምትኩ ይህን ያውቃሉ?»

«ከየት? አዲሱ ከመጣ ወዲህ ጌታሰው ከክፍሉ አስወጥቶታል። ዛሬ ጠዋት ብቻ ጠራው።»

ጥሩሐረግ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ማጫወቻውን ሰክታ መርፌውን ሸክላው ጫፍ አካባቢ አሳረፈች። ዘፈኑ አለቀ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ምትኩን ግንባሩን አላበው።

«ይሰማሉ አቶ ምትኩ? ከጎን ክፍል ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ሰዓት ያህል ይህን በሰሙ ነበር። ‹ዝም አለ› ያሉት የሰሙትን አይደለም፤ አሮጌው ያስለመደዎትን ነው። ወንድምዎን አፈኑ፤ ሸክላ እየዞረ ማንም እንደማይገባ ስለሚያውቁ ዘፈን ከፈቱና ወጡ። ሲያልቅ ይቆማል፣ ያኔ ዘመናይ ምሳ ይዛ ትገባለች ብለው አሰቡ። ጥፋቱንም ለእሷ ተዉት።»

«መብራት ጠፍቶ ይሆናላ!»

«ወይዘሮዋ ሲገቡ ይዞር ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርስዎ ግን ማደሪያም አላገኘ።» ባዶውን ልባስ ዘረጋችለት።

ምትኩ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ድምፄ የተረፈበት አንድ ሸክላ ነበር። በዓለም ላይ አንድ! በዚህ ዕቃው አጫወተልኝና ‹ይኼ ማጫወቻ ውሸት አይወድም፤ አንተ ዘፋኝ አልነበርክም› አለኝ። አንሥቶ አወጣው፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆየና ጉልበቱ ላይ ሰበረው።»

አመተ ሥላሴ ጥግ ያለውን ሣጥን ከፈተች። ከልብስ ሥር አንድ ደህና ሸክላ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ያንተ ይኸው። ጀርባውን ሲሰጥህ ለውጦት ነው፤ የሰበረው ሌላ ነው። ፊትህን ሊያይ ነበር የፈለገው። ማታ ሊነግርህ ነበር።»

«አንቺ... ታውቂ ነበር?»

«አብሬው ስቄያለሁ» አለች።

ምትኩ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ኢንስፔክተር፣ በፈጠረሽ! አንዴ ብቻ አሰሚኝ።»

ጥሩሐረግ የዘመናይን ሲባጎ በቢላዋ በጠሰች። የእጅ አንጓዋ ላይ ያለውን ቁስል ዝቅ ብላ አየች።

«ማስረጃ ነው፤ ይታሸጋል» አለችና ካቴናውን ምትኩ እጅ ላይ ቆለፈች።

«ዘመናይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች አመተ ሥላሴ። «ለቀስተኛ ሊመጣ ነው፤ ሂጂ ውኃ ጣጂ።»

ዘመናይ ያበጡ ጣቶቿን አየች። ነጠላዋን ለመልበስ ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ክንዷ ላይ ጣል አድርጋው በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወጣች፤ በደሃና መንገድም ሄደች።