የመምህር ጋረደው ስላይዶች

የሒሳብ መምህሩ ጋረደው ዓርብ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሱዳን ገዳሪፍ በሚገኘው የሐበሾች ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ዓርብ ዓርብ ብቻውን ሆኖ የነገውን ትምህርት ይለማመድ ነበር። ፕሮጀክተሩ ስለ ክፍልፋይ ያዘጋጀውን ስላይድ አሁንም ግድግዳው ላይ ያሳያል።

ጥበቃው ክንፉ ታሰረ። ክንፉ ከጦር ከድቶ የተሰደደ ነው። የፖሊስ ሹሙ ግን «የሐበሻ ጣጣ ለሐበሻ» ብሎ በገላባት ድንበር አሻግሮ ለኢትዮጵያ ሊያስረክበው ቆረጠ። ካስረከበው ያው መሞቱ ነው።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሻምበል ባፈናን ለመነ። ድሮ መርማሪ ነበር፤ አሁን ወገቡን የሚያመው፣ ሬሳ ማየት የሰለቸው ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ እየተነጫነጨ መጣ።

ክንፉን ያስጠረጠረው ሰዓቱ ነው። ሥራ የገባው በአሥር ሰዓት ሲሆን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው አልገባም። በአሥር ተኩል ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ሉጥፊ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ሲጠጣ ስላይዱ ሲቀያየር በመስኮት አይቷል። ስለዚህ ጋረደው ያኔ በሕይወት ነበር ተባለ።

«ሙዲሩ ሉጥፊ ነው ያሳየኝ» አለች ሻይ ሻጯ ራሒማ። «‹በጁምዓ እንኳ ይለፋል› አለኝ። አንድ ብርጭቆ በቀዳሁ ቁጥር አንዱ ያልፋል፤ አይዘገይ፣ አይፈጥን።»

ባፈና የሟቹን ደብተር ገለጠ። ከየስላይዱ ጎን ደቂቃ ተጽፏል፦ ለጥያቄ አምስት፣ ለከባዱ ስምንት፣ ለመልስ አንድ። ዓርብን ካሳላ ከተማ የዋለችው ባልደረባው ሳምሪ እንደነገረችው፣ ጋረደው ተማሪ ሳይጨነቅበት መልስ አያሳይም፤ ሲለማመድም ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃል። ስላይድ በራሱ እንዲሄድ የሚያደርገው ሙዲሩ ነው፤ በወላጆች ቀን እናቶች ልጆቻቸውን ሳይለዩ ፎቶው እያለፈ አናዷቸው ነበር።

እሑድ ጧት ባፈና ሹሙን ጨምሮ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። ስላይዱን ከፍቶ እጁን አጣጥፎ አንድ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጥያቄው በራሱ አለፈ፤ መልሱም በራሱ አለፈ።

«ጥያቄውም አርባ ሰከንድ፣ መልሱም አርባ ሰከንድ» አለ በደከመ ድምፅ። «አስተማሪ እንዲህ አያደርግም። ስላይዱን የቀያየረው ማሽኑ ነው፤ ጋረደው የሞተው ክንፉ ሳይመጣ ነው። ዓርብ ክንፉ እስኪመጣ ግቢው ተቆልፎ ይውላል፤ ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ፤ ሳምሪ ካሳላ ነበረች። አንተ ሉጥፊ፣ ገድለኸው ወጣህና ራሒማን ምስክር አደረግሃት።»

ሉጥፊ አንገቱን ደፋ። የአንዲት ተማሪን የፈተና ውጤት ለእህቱ ልጅ ማዞሩን ጋረደው ደርሶበት ለኮሚቴው ሊናገር ነበር። «ለመንኩት» አለ። «ስላይዱን እያየ መልስ ነፈገኝ።»

ሹሙ ወዲያው ክንፉን ወደላከበት ገላባት ደወለ። ጥቂት አዳመጠና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ኸላስ፣ አበቃ፤ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አሻግረውታል» አለ።

ባፈና ከተማሪው ወንበር አልተነሣም።

«ትናንት ማታ ዐውቄው ነበር» አለ። «እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው ነገሩን ያሳደርኩት።»